የጥላ ሊቅ

እኔ ኤሌውቴሪዮ፣ የእንግዶች ሾፌር፣
ሃያ ሁለት ዓመቴ ስጠብቅ ከበር፤
ያልቆምኩበት ደጃፍ፣ ካቴድራል የለም፤
ከበሩ ወዲያ ግን ሌላ ነው ዓለም።

ሰው በንጉሥ ስም ነው ዘመን የሚቆጥረው፤
እኔ ግን ታሪክን በጥላ ነው የማውቀው፦
ኮርዶባ ግንቧ ሥር እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤
ግራናዳ ቁልቁለት፣ ፍሬን ጠብቆ ነው፤
ቶሌዶ ግን ክፉ፣ ጠባብ እንደ መርፌ፣
ሁለት መስታወቴን አስቀረች ከክንፌ።

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት እንግዳ መጣች፣
ከፖርቱጋል፣ ብቻዋን፣ ሁሉን የከፈለች፤
ዶና ቪዮላንቴ፣ ጡረተኛ መምህር፣
አንድ ሳምንት ሙሉ ሥዕልና ግንብ ልትዞር።
አስጎብኚዋ ደግሞ ፉዌንሳንታ ናት፣
ንግግሯ ወራጅ፣ ነጥብ የሌለባት፤
ነገሥታቱን ሁሉ በቁልምጫ ጠርታ፣
እንደ ጎረቤቷ ወቅሳና አምታ፣
ማታ በኋላ ወንበር ታንኮራፋለች ረክታ።

ማድሪድ ሥዕል ሲያዩ፣ እኔ ጋዜጣ፤
ኮርዶባ አምድ ሲቆጥሩ፣ እኔ የርግብ ጣጣ
ከጣሪያው ስፈገፍግ፣ በጨርቅ፣ በምራቄ፤
ከሥነ ጥበብ ጋር ይኸው ነው ትውውቄ።

ቶሌዶ ላይ ዝናብ። ዶና ቪዮላንቴ
መስኮቴን አንኳኳች፣ አንዴም አይደል፣ ስንቴ፦
«ና ግባ፣ ምን ትሆን ቆርቆሮ ውስጥ ተዘግተህ፤
ለሦስት ነው የከፈልኩ፣ ሦስተኛው አንተ ነህ።»
መኪናው የቆመው የተከለከለ ቦታ፤
«አምስት ደቂቃ» አልኩ፣ ልቤ እያመነታ።

ትንሽ ናት ቤቲቱ፣ በጡብ የታነጸች፣
መጀመሪያ መስጊድ፣ ኋላ ቤተ ክርስቲያን የሆነች።
ፉዌንሳንታ ጀመረች፦ ቅስቱ የነማን፣
የግንበኛው እጅ የሙስሊም፣ ጸሎቱ የክርስቲያን፣
ማን ማንን እንዳባረረ፣ ማን ስሙን እንደለወጠ፣
ማን በሌሊት ቁልፉን ይዞ እንዳመለጠ።
እኔ ግን አልሰማም። ዓይኔ ግድግዳው ላይ፣
ከጉልበቴ በታች፣ አንዱን ጡብ ሳይ፣
አራት ጣት፣ አንድ መዳፍ። የውሻ ዱካ!
እርጥብ ጭቃ ሳለ የረገጠው፣ ለካ።

ባይሌን ተወልጄ፣ የጡብ ሠሪ ልጅ ነኝ፤
የአባቴ ቀይ እጅ እስከ ዛሬ ይታየኛል፣ ያመኛል፣ ጉንጬን ሲነካኝ።
በበጋ ሜዳው ላይ ጡብ ሲደረደር
የኔ ሥራ አንድ ነው፦ ውሻ ማባረር።
እንቅልፍ ያሸንፈኛል፤ ቡችላው ይሻገራል፤
ቀጥሎ የሚመጣውን ጉንጬ ያውቀዋል።
ኋላ ግን አባቴ፣ ቁጣው ሲበርድለት፣
«ጡብ ጡብ ነው፤ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙረህ ክተት።»

ይህኛው ግንበኛ ግን ወደ ውጭ አዞረው።
ለምን? እንጃ። ምናልባት ሰንፎ፣ መሽቶበት ነው፤
ምናልባት የራሱ ውሻ፣ ጡቡ ሳይበስል ሞቶ፣
ትቶት ይሆናል፣ በጭቃ እጁ ዓይኑን አሽቶ።

ይህን ሁሉ አወራሁ። ጮክ ብዬ። እኔ!
ፉዌንሳንታ ዝም አለች፣ ተጠግታ ከጎኔ፤
«አሥራ አምስት ዓመት» አለች፣ «ቆሜ ከዚህ ጡብ ፊት፣
ስለ ንጉሥ ሳወራ… ውሻ አላየሁም አንድ ዕለት።»
ዶና ቪዮላንቴ ጓንቷን አውልቃ
አራቱን ጣት ዳበሰች፣ እንዳይነቃ ተጠንቅቃ።
ደብተሯን አልገለጠች። «ስሙስ ማን ነበር?»
የግንበኛው ይሁን የውሻው፣ ሳይለይ ቀረ ነገር።

ስንወጣ አባርቷል። መስታወቴ ላይ
የቅጣት ወረቀት፣ ርሶ ተጣብቆ ሳይ፣
ዘጠና ዩሮ ነው። ልክፈል አለች፤ እምቢ አልኩ፤
ከመንጃ ፈቃዴ ጋር አጥፌ አስቀመጥኩ።
ሌላው ሰው የመግቢያ ትኬት ይሰበስብ የለ?
የኔ ይኼ ነው፤ ቀኑ ተጽፎበታል፣ ሰዓቱ እንዳለ።